ጭመቂ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ። ይኸው፣ ገና ከመጀመሪያው ተናገርኩት። "እንትን" እያልኩ፣ በሻሼ ጫፍ አፌን ሸፍኜ የማንሾካሹክበት ጊዜ አልፏል። ስስቅ ያመልጠኛል። ሳስነጥስ ያመልጠኛል። ባጃጅ ጉድጓድ ስትገባ ያመልጠኛል። ለሰላት ታጥቤ፣ ውዱዕ አድርጌ ለሱጁድ ስጎነበስ እንኳ ያመልጠኛል፤ እንደገና ውዱዕ፣ እንደገና ማምለጥ፣ በመጨረሻ ሰላቴን በእንባ እጨርሳለሁ። ልጅ የወጣበት ሰውነት ነው፣ ዛሬ አላፍርበትም። ያኔ ግን፣ ወላሂ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራዬ ጨርቅ መሸጥ ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የቤት ሽቲና የሰርግ ድሪያ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከማግባቴ በፊት የከፈትኳት ናት፤ ባሌም ቤተሰቡም ሲያገኙኝ ሱቄን ይዤ ነው ያገኙኝ። ድሬ ላይ ጨርቅ በጨርቅነቱ ብቻ አይሸጥም። ደንበኛዬ ስትመጣ መጀመሪያ ባሏን ታማልኛለች፣ ቀጥሎ አማቷን። ከዚያ ዋጋ ስጠራ "አበድሽ እንዴ?" ትለኛለች፣ እኔም "ያበድኩትማ አንቺን ያየሁ ቀን ነው" እላታለሁ። ግማሹን በሶማሊኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ የተረፈውን በአማርኛ ተጨቃጭቀን፣ ተሳስቀን፣ ጨርቁን ይዛ ትሄዳለች። የኔ ሳቅ ደግሞ የጨዋ ሳቅ አይደለም፣ ከሆዴ ነው የሚወጣው። ፊት ለፊቴ በርበሬ የምትሸጠው ሴትዮ "አንቺ ስትስቂ የኔ ሚዛን ይንቀጠቀጣል" ትለኝ ነበር።

እንግዲህ እንደኔ ላለች ሴት፣ ከፊቷ ቀኑን ሙሉ በርበሬ እየተሰፈረ፣ መሳቅም ማስነጠስም ክልክል ሲሆንባት አስቡት።

አንድ ቀን የባሌ ታላቅ እህት ልትጠይቀኝ ሱቅ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔ ገና ከማዳበሪያው የወጣ የአዲስ ሽቲ ቁልል ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ገባችና ባሏ ሲቸኩል በሽርጡ ፋንታ የሷን ሽቲ አገልድሞ እስከ መስጊዱ በር ድረስ እንደሄደ ነገረችን። ምን ላድርግ? ሳቅኩ። ሳቄም አልቆመ፣ ሽንቴም አልቆመ፣ ሽቲዎቹ እስከ ታች ራሱ። የባሌ እህት አየች። "አባዮ፣ ነይ እህቴ፣ ተነሺ" ብላ የትከሻዋን ሻርፕ ወገቤ ላይ አሰረችልኝና በባጃጅ ሳቢያን፣ ቤቴ ድረስ አደረሰችኝ። ይሄን ደግነቷን አልክድም። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤተሰቡ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

ታማለች ተባለ። እስክትድን ሱቁን እህትየው ትያዝላት ተባለ። አማቴ ደግሞ "ሦስት የወለደች ሴት ገበያ ምን ትሠራለች? ይሄ እንደሆነ የሚድን ነገር አይደለም" አሉ። ባሌ ወደ ሁርሶ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። ደግ ነው፣ ግን ጭቅጭቅ ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይራል። "ትንሽ ብታርፊ ምን አለበት?" አለኝ።

ድንቄም ማረፍ! ሦስት ልጅ፣ አንዱ ጡት ላይ፣ ሁለቱ ጸጉሬ ላይ። እህትየው እየመጣች ስለ ሱቄ ታወራልኛለች። "ጨርቁን በየቀለሙ ደርድሬዋለሁ። ገበያተኛው ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል፣ ወሬ የለ፣ ጫጫታ የለ፣ ጸጥ ያለ ሆኗል" ትላለች፣ ደስ እንዲለኝ ብላ። ጸጥ ያለ የጨርቅ ሱቅ! ሱቄን ቢሮ አድርጋው አረፈች። ከንፈሬን ነክሼ "አላህ ይስጥሽ" እላታለሁ።

ከዚያ ባሌ አንድ ምሳ ላይ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ታላቅ ወንድሙ ያለውን ነገረኝ። በዚያ ቤት የታላቅ ወንድሙ ቃል የመጨረሻ ቃል ነው። "ከእንግዲህ የማትመለስ ከሆነ ሱቁ በቋሚነት ለእህታችን ይሁን፣ ደንበኛውም ግራ አይጋባ" ብሏል። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። እንዲህ በአንድ ምሳ ሱቄ ልትሄድ ነው፣ ምክንያቱም ስስቅ ሽንት ያመልጠኛል። አንዱ እንኳ "ምን ይሻልሻል?" ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከዚራ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረችኝ ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ወልደሽ የለ? ይለመዳል" አለችኝ። ይለመዳል! ድህነት ይለመዳል፣ የድሬ ሙቀት ይለመዳል፤ ይሄን ምን ብዬ ነው የምለምደው? ስወጣ ግን አንዲት ወጣት አዋላጅ በር ድረስ ተከትላኝ መጣችና "እህቴ፣ በስልክ የሚያሠለጥኑ አሉ" አለችኝ። አዲስ አበባ ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከወሊድ በኋላ ለሚቸገሩ ሴቶች በቴሌግራም ትምህርት ትሰጣለች፤ እዚያው ቆመን ስልኬ ላይ ቡድኑን አስገባችኝ። ቡድኑ ውስጥ ፕሮፋይሏ ላይ ፊቷን ያደረገች አንዲት ሴት የለችም። ሁላችንም ጽጌረዳ ነን። ቀይ ጽጌረዳ፣ ነጭ ጽጌረዳ፣ አንዷ ብቻ የሙዝ ፎቶ አድርጋለች፣ ለምን እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያውን የድምፅ መልእክት ልብስ እያጠብኩ ከፈትኩት። አሠልጣኟ ረጋ ያለ ድምፅ አላት፣ አታፍርም። "እህቶቼ፣ ሥራችን የዳሌ ወለል ጡንቻ ላይ ነው። ፊኛችንን፣ ማህፀናችንንና አንጀታችንን ከሥር ደግፎ የያዘ ጡንቻ ነው። የት እንዳለ ለማወቅ አትቸገሩ። እንግዳ ፊት ተቀምጣችሁ ፈስ ሲመጣባችሁ እንዴት ነው የምትይዙት? አዎ፣ እሱ ነው" አለች። ሳፋው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ስስቅ ደግሞ አመለጠኝ። ልብሱን አጥቤ ሳልጨርስ ቀሚሴንም ጨመርኩበት።

ልምምዱ በወሬ ቀላል ነው። ጭመቂ፣ ወደ ላይ ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። ስትለቂ ከልብሽ ልቀቂ። ትንፋሽሽን አትያዢ፣ ቂጥሽንና ጭንሽን አታጥብቂ፣ ፊትሽን ያየ ሰው ምንም ማወቅ የለበትም። የመጨረሻዋ ምክር አንጀቴን አራሰችው። ጡት እያጠባሁ እጨምቃለሁ። ባጃጅ ውስጥ እጨምቃለሁ። የባሌ እህት ቁጭ ብላ ሱቄን እንዴት ጸጥ እንዳሰኘችው ስትተርክልኝ፣ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ፊቷ ላይ ፈገግ ብዬ እጨምቃለሁ። አንቺ አውሪ፣ እላለሁ በልቤ፣ እኔ መምጫዬን እየሠራሁ ነው።

አሠልጣኟ እያንዳንዳችንን በቪዲዮ ለማየት፣ አቀማመጣችንንና አተነፋፈሳችንን ለማየት ትፈልግ ነበር። ለብሳችሁ ነው፣ እንደ ፈለጋችሁ ተሸፈኑ አለች። እኔ ግን ምን ቆርጦኝ! ባል አለኝ፣ አማት አለኝ፣ ስልክ ደግሞ ያየውን አይረሳም። "ኔትወርክ አይሠራም" አልኳት። ኔትወርኩም ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ አመነችኝ።

ሳምንታት ሄዱ። ለውጥ የለም። ጭራሽ ባሰብኝ እንጂ። በቡድኑ ውስጥ ነጭ ጽጌረዳ "ዛሬ አስነጠስኩ፣ አልሐምዱሊላህ ደረቅ ነኝ" ትላለች፣ ሙዟ "እኔም" ትላለች፣ ሁሉም እልልታ ይልካል። እኔ ደረጃ ስወርድ ያመልጠኛል። በዚህ መሃል የባሌ ታላቅ ወንድም ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚመጣው አርብ ቤታችን መጥቶ የሱቁን ነገር እንደሚጨርስ ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ስልኩን አንስቼ ለአሠልጣኟ የድምፅ መልእክት ላኩላት፦ "አንቺ እዚያ አዲስ አበባ ብርድ ላይ ቁጭ ብለሽ ጭመቂ ጭመቂ ትያለሽ፤ እኔ ስጨምቅ ከረምኩ፣ የጨመቅኩት ሎሚ ቢሆን ድሬን ያጠጣ ነበር፣ ይሄ ነገር ውሸት ነው!"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ደወለችልኝ። "መልእክትሽን ደጋግሜ ሰማሁት" አለችኝ። "ተናደሽ ነው፣ ልክ ነሽ። ግን በየሁለት ቃሉ ትንፋሽሽ ይቆረጣል። እስቲ ረጅም አድርገሽ ሀ በይልኝ።" ሀ አልኩ። ተቆረጠብኝ። እንደገና አስባለችኝ፣ እንደገና ተቆረጠ። "ሆድሽ ላይ ምን አለ?" አለችኝ።

"ምን ይኖራል? መቀነት ነዋ!"

መቀነቱን ማስረዳት አለብኝ። እናቴ ልታርሰኝ ስትመጣ እንደ ወጉ ሆዴን በረጅም ጨርቅ አስራኛለች። አስተሳሰሯ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ እግሯን ዳሌዬ ላይ ተክላ፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ወጥራ ነው የምትስበው። አርባ ቀኔ ሲሞላ ሌሎች ይፈታሉ። እኔ ግን ሽንቱ ሲያመልጠኝ ጊዜ ጭራሽ አጠበቅኩት። ከላይ ከታሰረ ከታች አይወርድም ብዬ ነው፣ በኔ ቤት ማስተዋሌ ነው። እናቴ እስካሁን ከእኛው ጋር ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጠርቻት "ሳቢው፣ ሳቢው!" እላለሁ። ልምምዱንም ስሠራ የከረምኩት እንደዚያ ተጠፍንጌ ነው። አሠልጣኟ ደግሞ አላየችኝም፣ እንዳታየኝ ያደረግኳት እኔው ነኝ።

"ፌስታል ውሃ ሙይና ወገቡን እነቂው" አለችኝ። "ውሃው ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ታች" አልኩ።

"አራስ ሳለሽ ለስለስ ያለ ድጋፍ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ግን ማነቅ ነው። አንቺ ከታች ወደ ላይ ትስቢያለሽ፣ መቀነቱ ከላይ ወደ ታች ይገፋል። እህቴ፣ ፍቺው።"

እዚያው ፈታሁት። እናቴ ከጓሮ ገብታ ጨርቁን መሬት ላይ ስታይ ጉድ ፈላ። "ያ ረቢ! ሆድሽ ተዘርግፎ ሊቀር ነው! ሰባት ልጅ የወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ ያቺ የስልክ ሴትዮ?" በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰችው፤ እናቴ ስትናደድ አማርኛ ይጠባታል።

"አንቺስ አያመልጥሽም?" አልኳት።

ግራ ተጋብታ አየችኝ። "የማያመልጣት ማን አለች? እናት መሆን እኮ ነው" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ወይኔ! በሷ አልተናደድኩም፣ በሁሉም ነው የተናደድኩት። እነዚህ ሴቶች የአብሽ መረቁ ሁልበት እንዴት እንደሚሠራ አስተምረውኛል፣ ባል ሲያኮርፍ ምን እንደሚባል ነግረውኛል፣ ሙሽራ ሆኜ ስለ መኝታው እንኳ ሳይቀር ጆሮዬ እስኪግል ነግረውኛል። ይሄን ግን አንዷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ሁሉም ያመልጣታል፣ ሁሉም ጥቁር ትለብሳለች፣ ሁሉም ሰርግ ላይ ጥግ ትይዛለች። ለካ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ሁሉ ጨዋ አይደለችም፣ የቸገራት ናት! "እኔ ጥግ አልይዝም" ብዬ ጮህኩ፣ ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ አለቀሰ። እናቴ አንስታ አባበለችው፣ መቀነቱን ግን ዳግም አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መንገድ ያዘ። ቪዲዮውንም ከፈትኩላት፣ ተሸፋፍኜ፤ አቀማመጤን አስተካከለች፣ ሳል ሲመጣ ቀድሞ መጭመቅን አስተማረችኝ። አንድ ጠዋት ምንጣፍ ሳራግፍ አቧራው አፍንጫዬ ገባ፤ ጭምቅ አድርጌ አስነጠስኩ፤ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ብቻዬን ግቢ ውስጥ ቆሜ እልል አልኩ። አሠልጣኟ ደስ ብሏት "ግን ስሚ" አለችኝ፣ "ገና ወራት ይፈጃል። ሲደክምሽ፣ ስትስቂ፣ ትንሽ ሊያመልጥሽ ይችላል። ያኔ ሁሉም ነገር ተበላሸ ብለሽ እንዳታቆሚ።"

ያ አርብ ደረሰ። ከጁምዓ በኋላ ወንዶቹ ሳሎን ፍራሽ ላይ ለበርጫ ተቀመጡ፤ ባሌ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ከጓደኞቻቸውም ሦስት አራት ሰው። ጫቱ ተዘረጋ፣ ባሌ ለመንዙማ የሚከፍታት ስፒከር መሃላቸው ተቀምጣለች። የሱቁ ነገር ዛሬ እንደሚያልቅ አውቄአለሁ። ልቤ እንዲረጋጋልኝ ብዬ ወጥ ቤት ቆሜ የዕለቱን የድምፅ መልእክት ነካሁት። ድምፅ የለም። ጨመርኩት። የለም። እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። ለካ ጠዋት ልጆቼ በኔ ስልክ ዘፈን ሲሰሙ ከስፒከሯ ጋር አገናኝተውታል።

"እህቶቼ!" አለ ሳሎኑ። "ዛሬ ፊንጢጣችንንና ብልታችንን አንድ ላይ ወደ ላይ እንስባለን! ጭመቁ! ያዙ! ያዙ! እንዳትለቁ!"

ወጥ ቤት ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። ከሳሎን አንዱ "ዋርያ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ። ታላቅ ወንድሙ "አስተግፊሩላህ! ዝጉት!" እያለ ይጮኻል፣ ባሌ ስፒከሯን ያገላብጣል፣ መዝጊያው ይጠፋበታል። "አሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ተንፍሱ" አለች አሠልጣኟ፣ እና ጥግ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ በእውነት ኡፍ ብለው ተነፈሱ።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ጓሮ ወጥቼ እስኪሄዱ መደበቅ፣ ወይ መግባት። ሻሼን አስተካክዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ።

"ስልኩ የኔ ነው" አልኩ። "ትምህርቱም የኔ ነው። ታማለች ያላችሁኝ፣ ሕመሜ ይሄ ነው፤ ስወልድ ጡንቻዬ ላላ፣ ሽንት ያመልጠኛል።" አንዱ ሳል ጀመረው። ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞርኩ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አናውቅም፣ ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ አላወቅኩም። "ያላላው የወንድምህ ልጅ ነው፣ ስም ያወጣህለት፣ ጉልበትህ ላይ የምታስቀምጠው ልጅ። እሱን ስወልድ ማሻአላህ ተባልኩ፣ እሱን በመውለዴ ሱቄን ልቀማ ነው? መድኃኒት አለው፣ እየሠራሁት ነው፣ እየዳንኩም ነው። ባልድንም ሱቋ የኔ ናት። ሰኞ እከፍታለሁ። ነውር ከሆነ ነውሩን የሠራው ማን እንደሆነ እናንተው ተነጋገሩበት።"

ታላቅ ወንድሙ ቅጠሉን እያየ "ይሄ ሁሉ በወንድ ፊት..." ብሎ ተወው። ያን ጊዜ ባሌ፣ ጭቅጭቅ ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ባሌ፣ ስፒከሯን እንደያዘ "ሱቁ የሷ ነው" አለ። መንዙማውን ከፈተ፣ እኔም ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በደስታም በንዴትም ነው።

ሰኞ ገበያ ገባሁ። የባሌ እህት ቀድማኝ ከፍታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ጨርቁ በየቀለሙ ተደርድሮ። አልተጣላችኝም። ብድግ ብላ ወንበሩን ለቀቀችልኝና "እንኳን መጣሽ፣ ግን ዛሬን አብሬሽ ልዋል" አለች። እንደምትጠብቀኝ ገባኝ። ሲያቅተኝ ስታይ ሻርፗን ወገቤ ላይ አስራ ልትወስደኝ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ልትመለስ ነው። እሷም ክፋት የላትም፤ እንደማልችል አምናለች፣ በቃ።

እስከ እኩለ ቀን በደህና ሄደ። በርበሬውም ተሰፈረ፣ አስነጠስኩም፣ ጭምቅ፣ ደረቅ። ከዚያ ሁለት እህትማማቾች ለሰርግ ድሪያ ሊገዙ ገቡ፤ አንዷ ሙሽራው ሚዜዬ ከኔ ያምራል ብሎ ሌላ ሚዜ እየፈለገ እንደሆነ በሶማሊኛ እያስመሰለች ተረከችልን። ሳቄ መጣ። ጨመቅኩ። ሳቁ ግን ከኔ በረታ፣ ከሆዴ ወጣ፣ ገበያው ዞሮ አየኝ። እና አመለጠኝ። ብዙ አይደለም። ግን ተሰማኝ፣ ፊቴም አስታወቀብኝ፣ ምክንያቱም የባሌ እህት ቀና ብላ አየችኝ፣ እጇም ወደ ሻርፗ ሄደ።

እህትማማቾቹ ሳቃቸውን ቆርጠው ሁለታችንን ያያሉ። እኔም አየኋት።

"አመለጠኝ" አልኳት፣ ድምፄን ሳልቀንስ። "ሞዴስ አድርጌአለሁ። ሰማያዊውን ድሪያ አቀብይኝ፣ ገበያተኛ ቆሟል።"

ሻርፗን ለቀቀች። ከዚያ ተነስታ ሰማያዊውን አቀበለችኝ።